ክትትል ቢደረግለት መልካም ነው

የወዳጅነት አደባባይ ሊመረቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነገሩ ያለበት ሁኔታ ይህ ነበር።

ከአደባባዩ በስተጀርባ ያለው የድንጋይ ግድግዳ ቁመቱ ዘጠኝ ሜትር ነው። ዛፍ የበዛበትን ኮረብታ ደግፎ የያዘው እሱ ነው። ከእግሩ አጠገብ የኮረብታው ውኃ እንዲወጣባቸው የተተዉ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ አሁን አይታዩም። ከእህት ከተማዋ በስጦታ የመጣው ባለቀለም ሸክላ በላያቸው ተለጥፎ፣ ሁለት እጆች ሲጨባበጡ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ሆኗል። ሥዕሉ ያምራል፤ አይቶ ያላደነቀው ሰው የለም። ከፊቱ የተማሪ መዘምራን የሚቆሙበት የእንጨት መድረክ ተተክሏል። ልጆቹ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ እዚያ ላይ ይለማመዳሉ።

ግድግዳው ሦስት ስንጥቆች አሉት። በእያንዳንዱ ስንጥቅ ላይ ስስ የመስታወት ቁራጭ በጄሶ ተጣብቋል። ግድግዳው ባለበት ከቆመ መስታወቱ እንዳለ ይኖራል፤ ከተንቀሳቀሰ ይሰበራል። እስከ ቀደመው ቀን ድረስ ሦስቱም ደህና ነበሩ።

መስታወቱን የለጠፈው በባለሙያ ልውውጥ ከእህት ከተማዋ የመጣ መሐንዲስ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ስሙን መጥራት ስለከበዳቸው "አቶ ስንጥቅ" ብለውታል። ሲጠሩት ይስቃል፤ ትርጉሙን ሲያውቅም ሳቁን አላቆመም። ከግድግዳ ግድግዳ አብራው የምትዞረው አስተርጓሚ የፕሮቶኮል ኃላፊው ልጅ ናት። በሁለቱ መካከል የነበረውም ሁኔታ በትክክል ሊነገር ይችላል። የመለኪያውን ሜትር ጫፍ ስትይዝለት ጣቶቻቸው ይነካካሉ፤ ጣቱን ቀድሞ የሚሰበስብ ግን አልነበረም። እርስ በርሳቸው ፍቅር የሚል ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ቃሉ የተነገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የተነገረውም ለእሷ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ መታወቅ አለበት። በፕሮቶኮል ክፍሉ የሚሠራበት ደንብ ነበር፤ የትም አልተጻፈም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ሻካራ ቃል አያልፍም። "አንፈልግም" የሚለው "ጊዜ ቢሰጠው" ተብሎ ይተረጎማል። "ችግር አለ" የሚለው "ቢታሰብበት" ይባላል። አደጋ ያለበት ነገር፣ ከሁሉ የከበደው፣ "ክትትል ቢደረግለት መልካም ነው" ተብሎ ያልፋል። ደንቡን ያወጡት አባቷ ናቸው፤ የእህት ከተማዋን ቋንቋ ባይሰሙም ማለስለሱን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ በስጦታ የተላኩ ችግኞች በሙሉ ደርቀው የእህት ከተማዋ ከንቲባ "ሞቱብን" ሲሉ፣ ልጅቷ "ችግኞቹ አየሩን ገና እየለመዱት ነው ይላሉ" ብላ ተረጎመች። የመሥሪያ ቤቱን ማኅተም የሚይዙት ሴትዮ፣ ሁሉም እትዬ ማኅተም የሚሏቸው፣ "ሞቶ አየር የሚለምድ ችግኝ ዛሬ ገና ሰማሁ" ብለው ሳምንት ሙሉ ሳቁባት። ወዳጅነቱ ግን ቀጠለ። ሌላ ችግኝ ተላከ።

በዚያ ጠዋት ሁለቱ ግድግዳው ጋ ሲደርሱ ሦስተኛው መስታወት ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

መሐንዲሱ ጠጋ አለ። በአውራ ጣቱ የስብራቱን መስመር ተከተለ።

"ልጆች ኳስ ሲመቱ ነክቶት ይሆናል" አለች።

"ኳስ ቢሆን ይደቃል። ይሄ ተስቦ ነው የተሰበረው" አላት በራሱ ቋንቋ። ከዚያ እጇን ያዘና የሸክላው ሥዕል ላይ አስቀመጠው። መዳፉን ከመዳፏ ላይ አላነሳም። ሸክላው ቀዝቃዛ ነበር፤ ላብ እንዳቸፈቸፈው ገላ ረጥቧል።

"ከኋላው ውኃ አለ። መውጫ የለውም።"

በጣም ቀርበው ቆመዋል። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ቅርበት ይዛው ወደ ቤት ትገባ ነበር፤ ማታ ደጋግማ ታስበው ነበር። አሁን ግን ልቧ የመታው በሁለት ምክንያት ነው፤ የትኛው ምት የየትኛው እንደሆነ መለየት አልቻለችም።

ከሰዓት በፊት ከንቲባው ተቀበሏቸው። ከንቲባው ለወንበሩ አዲስ ናቸው፤ ጠረጴዛቸው ላይ የምርቃቱ መርሐ ግብር ተዘርግቷል። አባቷ እንደ ሁልጊዜው በስተቀኝ ተቀምጠዋል፤ ጃኬታቸውን ቆልፈው፣ እስክሪብቷቸውን ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር አስተካክለው።

መሐንዲሱ ተናገረ። ንግግሩ አጭር ነበር። "ግድግዳው ይወድቃል። ዝናብ ከጣለ ቀኑን ልነግራችሁ አልችልም። ከሥሩ ማንም ሰው መቆም የለበትም።"

ሦስቱም ወደ እሷ ዞሩ። ለዓመታት እንደለመደችው አደረገች። አፏ ከሐሳቧ ቀደመ።

"ግድግዳው ክትትል ቢደረግለት መልካም ነው ይላሉ።"

ይህን ስትል አባቷን እያየች ነበር። በቤታቸው ሚዛን ከዚህ የሚከብድ ቃል የለም፤ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው፤ ይረዱታል። የአባቷ ዓይን ለአፍታ ከእሷ ዓይን ጋር ገጠመ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን ትንሽ ወደ ግራ ገፉት።

ከንቲባው ፈገግ አሉ። "ይደረግለታል እንጂ። ምርቃቱ ይለፍና የመጀመሪያው ሥራችን እሱ ነው። እግዜር ይስጥልን በዪው።"

"ማስጠንቀቂያህን በጣም አክብደው ነው ያዩት" አለችው በቋንቋው።

 ዓይኑን ተክሎ አያት። ያንን አስተያየት ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም፤ ሦስቱን ስንጥቆች ሲያይም እንዲህ አያይም። ገብቶታል። አሁን የሰማው እሱ ያለው እንዳልሆነ ገብቶታል። 

ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት።

"ያልኩትን አላልሽም" አለ፤ በእሷ ቋንቋ። አንዲት ቃል አላሳሳተም። ያስደነገጣትም ይህ ነው።

"ምን ያህል ይገባሃል?"

"ከአንቺ ነው የተማርኩት። አንቺ የምትዪው ሁሉ ይገባኛል።" ከዚያ ወደ ራሱ ቋንቋ ተመለሰ፤ ሲናደድ ሌላ ቋንቋ አይበቃውም። "ይወድቃል ነው ያልኩት። አንቺ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ተከታተሉት አልሽ።"

"አባዬ ይገባዋል። እኛ ዘንድ ክትትል ማለት ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ቃል የለንም።"

"ግድግዳው ይህን ያውቃል?"

 ከደረጃው በታች እትዬ ማኅተም ከአንድ ባለጉዳይ ጋር ሲሳሳቁ ይሰማል።

"ያን ዕለት እራት ላይ፣ ቋንቋሽ ገና ሳይገባኝ፣ ለአባትሽ ያልኩትስ?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እሱንስ እንዴት አድርገሽ ነው የነገርሽው?"

ይህ የሆነው ከሁለት ወር በፊት በአባቷ ቤት ነበር። መሐንዲሱ ሹካውን አስቀምጦ፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ለአባቷ እንዲህ አለ፦ "ልጅዎን እወዳታለሁ። ሥራዬ ሲያልቅ ወደ አገሬ መመለስ አልፈልግም። ፈቃድዎን እለምናለሁ።" አስተርጓሚ ሌላ አልነበረም። ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። ወደ አባቷ ዞራም፣ "ምግቡ ይጣፍጣል፤ ቤታችሁ ሞቅ ያለ ስለሆነ ቶሎ መሄድ አያሰኝም ይላሉ" አለች። አባቷ ደስ ብሏቸው "ቤቱ ቤቱ ነው በዪው። በፈለገው ጊዜ ይምጣ" አሉ። ይህችን ብቻ ምንም ሳትነካ ቃል በቃል ተረጎመችለት።

ከዚያ ወዲህ መሐንዲሱ በየእሑዱ ብርቱካን ተሸክሞ ይመጣል። አባቷንም ልክ እንደ እሷ "አባዬ፣ ደህና አደርክ?" ይላቸዋል። አንቱ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ በመሥሪያ ቤቱ አንተ የሚላቸው የለም። ሰው ሁሉ ቋንቋው ገና ነው ብሎ ይስቃል። እሷ ብቻ አትስቅም ነበር።

"ምን አልሽው?"

"ምግቡ ይጣፍጣል አልኩት።"

አፉ ሳቀ፤ ዓይኑ አልሳቀም። "ታዲያ ሁለት ወር ሙሉ ብርቱካን ተሸክሜ ስመላለስ ምን ይመስለዋል?"

"ብርቱካን የምትወድ ይመስለዋል።"

የኮሪደሩን ግድግዳ ተደገፈ። "እኔ ተፈቅዶልኛል ብዬ ነው የኖርኩት" አለ በመጨረሻ። "በየቀኑ አንቺን የማየው እንደ ሚስቴ ነበር።" ይህን ብሎ ወረደ። በኮሪደሩ ብቻዋን ስትቀር፣ ከቁጣው ይልቅ ያቺ የመጨረሻዋ ቃል እንዴት በለሆሳስ እንደተነገረች ነበር የምትሰማው።

ማምሻውን አባቷ የምርቃቱን ንግግር እያረሙ አገኘቻቸው። ጎናቸው ሳህን ላይ የተላጠ ብርቱካን አለ።

"አባዬ፣ ዛሬ ክትትል አልኩህ።"

"ሰማሁ።"

"ገባህ?"

"እኔ ያስተማርኩሽ ቃል እንዴት አይገባኝም።"

"ታዲያ ለከንቲባው ለምን አላስረዳሃቸውም? እሳቸው አዲስ ናቸው። ቃሉን እንደ ቃሉ ነው የወሰዱት። ሸክላው የውኃ መውጫዎቹን ደፍኗቸዋል።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "በአያትሽ ጊዜ የእነሱ ሰው እዚህ ገበያ ላይ ከታየ ተደብድቦ ነበር የሚሄደው። የእኛም ሰው እዚያ እንደዚያው። አሁን እኛ ተማሪ እንልካለን፣ እነሱ ነርስ ይልኩልናል። የወንድምሽን ልጅ ያዋለደችው ማን ናት? የእነሱ ልጅ። ይህ ሁሉ የመጣው እውነት በመነጋገር መሰለሽ? አንዱ የሌላውን ክፉ ቃል እየዋጠ ነው። አሁን ልዑካኑ ለመምጣት ተዘጋጅተው፣ 'ሸክላችሁ ግድግዳችንን ሊጥለው ነው' ልበላቸው? በገዛ ስጦታቸው?"

"ልጆቹ ሥሩ ይቆማሉ።"

"የሚቆሙት አንድ ሰዓት ነው።"

 አባቷ የተናገሩትን ራሳቸው የሰሙት ዘግይተው ነው። እጃቸው ወደ ሳህኑ ሄደ፤ ሳይነካው ተመለሰ። በሕይወቷ ሙሉ አባቷን ፈርታቸው አታውቅም ነበር። ያን ምሽት ፈራቻቸው።

በቀሩት ቀናት መሐንዲሱ ብቻውን ሞከረ። በከንቲባው ጸሐፊ በኩል ቀጠሮ ጠየቀ፤ ከምርቃቱ በኋላ ተባለ። የመዘምራኑን አስተማሪ አነጋገረ፤ አስተማሪው ያለ ትእዛዝ ቦታ መቀየር አልችልም አለ። "አቶ ስንጥቅ ሁሉም ነገር የተሰነጠቀ ይመስለዋል" ተብሎ ተሳቀ። ሁለተኛው መስታወት ተሰበረ። ዝናቡም ጀመረ፤ አንዴ ከጀመረ ወዲያ አላባራም።

በምርቃቱ ዋዜማ ከቀትር በኋላ ሁለቱ ወገኖች በምክር ቤቱ አዳራሽ ተቀመጡ። የእህት ከተማዋ ከንቲባ ሽበታም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ሁለቱ ከንቲባዎች የምስጋና ቃል ተለዋወጡ፤ ልጅቷም ያለ ችግር ተረጎመች፤ ምስጋና ማለስለስ አያሻውም። ቀጥሎ የልውውጡ ባለሙያ አንድ ቃል ይበል ተባለ። ደንብ ነው እንጂ ማንም የሚጠብቀው ነገር አልነበረም።

መሐንዲሱ ተነሣ። ከኮሪደሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። በእሷ ቋንቋ ራሱ ሊናገረው ይችል ነበር፤ እሷም እሱም ያውቁታል። አልተናገረውም። በራሱ ቋንቋ ጀመረ፤ በየዐረፍተ ነገሩም ቆም እያለ ጠበቃት።

የእሱ አገር ሰዎች ቀድመው ስለሰሙ ፊታቸው ቀድሞ ተለወጠ። የእሷ ወገኖች ገና ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። አባቷ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በዝግታ ወደ ታች ተጫኑ። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ምልክት ነው፤ ቀስ በዪ ማለት ነው።

"ግድግዳው ይወድቃል" አለች። "ከመስታወቶቹ ሁለቱ ተሰብረዋል። የውኃ መውጫዎቹን የደፈነው እኛ በስጦታ ያመጣነው ሸክላ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው። ሲወድቅ መጀመሪያ የሚያርፈው መዘምራኑ በሚቆሙበት መድረክ ላይ ነው። ነገ ከሥሩ ማንም ሰው መቆም የለበትም ይላሉ።"

የዝናቡ ድምፅ ተሰማ። እስከዚያም እየዘነበ ነበር፤ ልብ ያለው ግን አልነበረም።

"ይህን ያለው እሱ ነው ወይስ አንቺ?" አሉ ከንቲባው።

"እሱ ነው። ባለፈው ሳምንትም ያለው ይህንኑ ነበር። ያለሰለስኩት እኔ ነኝ።"

የእህት ከተማዋ ከንቲባ ወደ መሐንዲሳቸው ዞረው አንድ ነገር ጠየቁ። "አዎ" አለ። እሳቸውም ፊታቸው ያለውን አቃፊ ዘጉ፤ ውስጡ ነገ የሚፈረመው የወዳጅነት ስምምነት ነበር። "እናመሰግናለን" አሉ። ልጅቷም "እናመሰግናለን ይላሉ" አለች። ከዚህች ቃል በስተጀርባ ያለውን ለማወቅ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ሰው በአዳራሹ አልነበረም። አባቷን ለማየት አልደፈረችም፤ ሳታያቸውም ግን ከጎኗ የሆነ ነገር እያረጀ እንደነበር ታውቅ ነበር።

ልዑካኑ ስምምነቱን ሳይፈርሙ በማግስቱ ጠዋት እንዲመለሱ ተወሰነ። መሐንዲሱም አብሯቸው እንዲሄድ ታዘዘ። ከአዳራሹ ጎን ባለችው ትንሽ ክፍል፣ ተጨማሪ ወንበሮች በሚቀመጡባት፣ አባቷን እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። መሐንዲሱ በመስኮቱ በኩል ቆሟል።

"አባዬ፣ ሳልተረጉምልህ የቀረ ነገር አለ።"

"ዛሬ የቀረ ነገርም አለ?"

"እራት ላይ እሱ ያለህን።" ነገረቻቸው። ልጅዎን እወዳታለሁ። መመለስ አልፈልግም። ፈቃድዎን እለምናለሁ። ቃሎቹን በእሱ አንደበት እንደነበሩ አንድ በአንድ አስቀመጠች።

አባቷ ከተደራረቡት ወንበሮች አንዱን ስበው ተቀመጡ። "ብርቱካኑ ለዚህ ነበር?" አሉ።  ቀና አሉ። "እንግዲህ እኔም የምለውን ሳትቀንሺ ንገሪው። ልጄን አልሰጥህም በዪው።"

ነገረችው።

"ክፉ ሰው ስለሆንክ አይደለም። ዛሬ የተናገርከው እውነት ነው፤ እኔም አውቀው ነበር። ግን ዕድሜዬን የጨረስኩበት ነገር ባንተ አፍ ፈረሰ። አንተን ባየሁ ቁጥር የማየው እሱን ነው። ልሂድ ካለች እግሯን አላስርም። አልመርቃትም ግን።"

እያንዳንዱን ነገረችው። በእሱ ቋንቋ "አልመርቅም" ለማለት ብዙ መንገድ እንዳለ ታውቃለች፤ ለስላሳ፣ ዙሪያ ጥምጥም፣ ነገ ሊታጠፍ የሚችል። ከሁሉ ደረቁን መረጠች። 

"ሁሉንም እሱ ነው ያለው?" አላት።

"ሁሉንም።"

"አንቺስ?" ይህን በእሷ ቋንቋ ነው የጠየቃት፤ አባቷም እንዲሰሙ። "አንቺ ምን ትያለሽ?"

የማንንም ቃል ልትተረጉም አልነበረም። በሥራዋ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣባት የመጀመሪያዋ ነው።

"እወድሃለሁ" አለች፤ አባቷ ፊት። "ነገ ግን አልሄድም። ምርቃቱ ቢቀርም ሰው ነገ እዚያ ሥር መቀመጡ አይቀርም። የተነገረው ለእኔ ነው። ለሰው ሳልናገር ብሄድ የትም ብደርስ አልደርስም።"

 የሚያጽናና ነገር ይላል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ምናልባት እመለሳለሁ ይላል ብላ። እሱ ግን "ገባኝ" ብቻ አለ፤ በመጨረሻ ያልተጨመረበት፣ ያልተቀነሰበት ነገር ከአፏ መስማቱ በፊቱ ላይ ይታይ ነበር። ደስታ አይባልም። ከደስታ አጠገብ ያለ፣ የሚያም ነገር ነው።

በማግስቱ ዝናቡ አቆመ። በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ምርቃቱ "በዝናቡ ምክንያት" ለሌላ ጊዜ ተላልፏል ይላል። ስለ ግድግዳው አንድም ቃል የለበትም። ፀሐይ ስለወጣ ደግሞ ሰው አደባባዩን ሊሞላው እንደሚችል የታወቀ ነው።

አስተርጓሚዋ የልዑካኑን አውቶቡስ ከሩቅ ሸኝታ ወደ አደባባዩ እየሮጠች ደረሰች። በዋናው መግቢያ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ አጠገብ የቢሮ ወንበር ላይ አባቷ ተቀምጠዋል፤ ጃኬታቸውን ቆልፈው፣ ጫማቸው ጭቃ ሆኖ።

እትዬ ማኅተም ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ገመዱ ጋ ቆመዋል። "ምነው ጋሼ፣ ከጡረታ በፊት ዘበኛ ሆኑ?"

"ግድግዳው ይወድቃል። በታች በኩል ዙሪ።"

"ኧረ ማስታወቂያው ዝናብ ነው የሚለው።"

"ማስታወቂያው ውሸት ነው። ይወድቃል። ዙሪ አልኩሽ።"

እትዬ ማኅተም በዚያ ድምፅ ሲናገሩ ሰምተዋቸው አያውቁም። የሚቀልዱበት ነገር ፈልገው አጡና በታች በኩል ዞሩ። ሁለት ወጣቶች ደግሞ ከገመዱ ማዶ ቆመው ተሳሳቁ፤ "ሽማግሌው ግድግዳ ታቅፎ ቁጭ ብሏል" እያሉ። አባቷ አልተቆጡም። እስኪሄዱ ድረስ ይወድቃል እያሉ ደጋገሙላቸው።

ልጃቸውን አይተዋታል። ነዪ አላሏትም፣ ሂጂ አላሏትም። እሷም አልቀረበቻቸውም፤ ያለ አባቷ ምርቃት ነው ያደረችው፣ ያ እንዳለ ነው። ወደ ላይኛው መግቢያ ሄዳ የሚመጣውን ሰው ሁሉ እያስቆመች ያንኑ ቃል ትናገር ጀመር። አንዳንዱ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ይሰድባታል። ከጀርባዋ ከኮረብታው የሚወርድ የውኃ ድምፅ ይሰማታል፤ የት እንደሚሄድ ግን አይታይም።

የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ እኩለ ቀን ላይ መጥቶ ለካ። የግድግዳው አናት ወደ አደባባዩ አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር አዘንብሏል። በዚያ ሰዓት ከግድግዳው ሥር አንድም ሰው አልነበረም።